ብስክሌተኛው ምን ለብሷል? መንገዱስ በምን ዓይን ያየዋል?

በአዲስ አበባ አንድ ብስክሌተኛ ማን እንደሆነ የሚፈረደው በልብሱ ነው። ንጋት ላይ በቦሌ መንገድ ታይትና ባለቀለም ማሊያ ለብሶ፣ ሄልሜት ደፍቶ የሚበረውን ሰው አሽከርካሪው «ስፖርተኛ ነው» ይለዋል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ጥሩምባ ነፍቶ ያበረታታዋል። የምግብ ሳጥን ያዘለውን ወጣት «ዴሊቨሪ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ መቸኮሉን ያውቃል፣ መንገድ ግን አይለቅለትም። በተራ ሱሪና ጃኬት ከቃሊቲ ወደ ሥራው የሚሄደው ጥበቃ ወይም የቀን ሠራተኛ «የታክሲ ያጣ» ተብሎ ይታለፋል። ቀሚስ ለብሳ የምትነዳ ሴት ከመጣች ደግሞ በሐሳብ መፍረድ ብቻ አይበቃም፤ ከሚኒባሱ መስኮት አስተያየቱ በድምፅ ይወርድባታል። አራቱም የተቀመጡት ግን አንድ ዓይነት ባለ 26 ኢንች የቻይና ብስክሌት ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለ ብስክሌት ደኅንነት በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ ሰደርያ ልበሱ፣ ሄልሜት አድርጉ፣ ሥርዓት ያዙ። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቋል። ልብስ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ውስን ነው፤ የብስክሌቱ ካቴና (ሰንሰለት) ውስጥ አለመግባት፣ በጨለማ መታየት፣ ጭንቅላትን ማትረፍ። ከአሽከርካሪው ክብር መግዛት ግን ከልብስ አቅም በላይ ነው፤ ይህንንም የተለኩ ቁጥሮች ያሳያሉ።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኢያን ዎከር እ.ኤ.አ. በ2006 ብስክሌቱ ላይ የርቀት መለኪያ ገጥሞ፣ ሲቀድሙት መኪኖች ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚተዉለት መዘገበ። ሄልሜት ሲያደርግ መኪኖቹ በአማካይ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ተጠጉት። ረጅም የሴት ዊግ አድርጎ ከኋላ ሴት ሲመስል ደግሞ ተጨማሪ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉለት። የቁጥሩ ትርጉም በተመራማሪዎች ዘንድ ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሁለተኛ ጥናቱ ግን የበለጠ ያስተምራል። ከተራ ልብስ እስከ ሙሉ የእሽቅድድም ልብስ፣ እስከ አንጸባራቂ ሰደርያ ሰባት ዓይነት አለባበስ ተሞከረ፤ ርቀቱን ትርጉም ባለው መጠን የጨመረው አንድ ብቻ ነበር፤ ፖሊስን የሚጠቅስና በካሜራ እየተቀረጸ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ያለበት ሰደርያ። ጭማሪው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከመቶ አንዱ ወይም ሁለቱ አሽከርካሪ ደግሞ ብስክሌተኛው ምንም ይልበስ ምን ከ50 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት ያልፍ ነበር። ይበልጥ የሚያሰጋውም ያ ከመቶ አንዱ ወይም ሁለቱ ነው።

ከአውስትራሊያ የመጡት ጥናቶች ደግሞ የባሰ ነገር አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው፣ ብስክሌት ከማይነዱ ተጠያቂዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ብስክሌተኛን ከሙሉ ሰው ዝቅ አድርገው እንደሚመዝኑት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሌላ ጥናት ለሰዎች የብስክሌተኛ ፎቶዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ እያሳየ «የትኛው ከሰው ያነሰ ይመስላል?» ብሎ ጠየቀ፤ በብዛት የተመረጠው አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰው ነበር፤ ሄልሜት ያደረገውም ፀጉሩ ከሚታየው ይልቅ ዝቅ ተደርጎ ተመዘነ። ማለትም በደኅንነት ስም የሚለበሰው ልብስ ራሱ ብስክሌተኛውን ከጎረቤትነት አውጥቶ «እነዚያ» የሚባል ወገን ያደርገዋል። አዲስ አበባ ላይ ተመሳሳይ ጥናት ቢደረግ ውጤቱ ሊለይ ይችል ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ታይት ለባሹ ነው የተሻለ የሚከበረው። መሠረቱ ግን አንድ ነው፤ አሽከርካሪው የሚፈርደው በልብስ ነው።

መታየት፦ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት

ታዲያ ሰደርያ አይጠቅምም ማለት ነው? ይጠቅማል፤ የሚጠቅምበትን ሰዓትና ቦታ ማወቅ ግን ግድ ነው። በዴንማርክ 6,793 ብስክሌተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ቢጫ ጃኬት የለበሱት፣ ከሌላ ተሽከርካሪ ወይም ሰው ጋር ተጋጭቶ የመጎዳት አደጋቸው 47 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ተሳታፊዎቹ አደጋቸውን ሁሉ ላያሳውቁ እንደሚችሉ ታስቦ ሲታረምም 38 በመቶ ቀንሷል። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ሌሊት ግን ነገሩ ይለወጣል። ደማቅ ቢጫውና ብርቱካኑ ቀለም የሚያበራው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ባለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ከመንገድ መብራትና ከመኪና መብራት ይህን ጨረር ስለማያገኝ ከምሽቱ 12፡30 በኋላ ተራ ጨርቅ ይሆናል። በጨለማ የሚሠራው ሰደርያው ላይ የተሰፋው ብርማ ጥብጣብ ብቻ ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በሌሊት በተዘጋ መንገድ በተደረገ ሙከራ አሽከርካሪዎች ጥቁር ከለበሱት ብስክሌተኞች 2 በመቶውን ብቻ ለዩ። ጥብጣብ የሌለው ደማቅ ሰደርያ የለበሱትን 15 በመቶ፣ ብርማ ጥብጣብ ያለው ሰደርያ የለበሱትን 50 በመቶ፤ በዚያ ላይ ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጥብጣብ ያሰሩትን ግን 90 በመቶ አዩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደረት ላይ ያለ ጥብጣብ ስለማይንቀሳቀስ ምሰሶም፣ የቆመ መኪናም፣ የመንገድ ምልክትም ሊመስል ይችላል። ፔዳል ሲመታ ከፍ ዝቅ የሚል ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ግን የሰው እንቅስቃሴ መሆኑን የአሽከርካሪው አእምሮ ሳያስብ ያውቀዋል።

ስለዚህ ለሌሊት ጉዞ ለአንድ ሰደርያ የሚወጣው ገንዘብ ለአራት ጥብጣብ ቢወጣ ይሻላል። ያረጀ የግንባታ ሠራተኛ ሰደርያ ካለ ብርማውን ክፍል ቆርጦ፣ ከኋላው ማጣበቂያ ጨርቅ ሰፍቶ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ማሰሪያ ማውጣት ይቻላል። የቀኝ እግሩ ማሰሪያ ሱሪውን ከካቴና ስለሚጠብቅ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጥብጣቡ በረኪና ከነካው ወይም በጣም በሞቀ ውሃ ከታጠበ ያንጸባራቂነት ኃይሉን ያጣል፤ በአቧራ ሲሸፈንም እንዲሁ፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። አንድ ነገር ደግሞ በዴሊቨሪ ልጆች ላይ በግልጽ ይታያል፤ ሰደርያ ለብሰው ሳጥኑን ከላዩ ያዝሉታል። ከኋላ ለሚመጣው መኪና ሰደርያው የለም ማለት ነው። ጥብጣቡ መለጠፍ ያለበት ሳጥኑ ላይ ነው፤ ይህም የልጆቹ ሳይሆን የቀጣሪው ሥራ መሆን ነበረበት።

ነጭ ልብስ ስለለበስኩ እታያለሁ የሚለው ግምት በከፊል ብቻ እውነት ነው። ነጠላም ሆነ ነጭ ሸሚዝ ከጥቁር ይሻላል፤ ነገር ግን ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል እንጂ እንደ ጥብጣቡ ወደ አሽከርካሪው ዓይን አይመልሰውም። የሁሉም የበላይ ደግሞ መብራት ነው፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። የኋላው ወደ ሰማይ ወይም ወደ አስፋልት ካዘነበለ ዋጋ የለውም፤ በአሽከርካሪ ዓይን ቁመት ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መመልከት አለበት።

ካቴና፣ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ሹሩባ

ካቴናው በቀኝ በኩል ስላለ የሚያዘው የቀኝ ሱሪ እግር ነው። ሰፊ ሱሪ በፊተኛው ጥርስና በካቴናው መካከል ሲገባ ፔዳሉ ባለበት ይቆልፋል፤ እግር ማውረድ ስለማይቻልም ውድቀቱ ወደ ጎን ነው። መፍትሔው ካልሲ ውስጥ መክተት ወይም ማሰሪያ ነው። የካቴና ሽፋን ያለው ብስክሌት ደግሞ ችግሩን ከሥሩ ያስወግደዋል። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ማውንቴን ባይክ ግን ሽፋን የለውም፣ ፓራፋንጎም (የጭቃ መከላከያም) የለውም፣ የዕቃ መጫኛም የለውም። ለዳገትና ለጭቃ ስፖርት የታሰበ ዕቃ ነው ለቢሮ መመላለሻ የሚሸጥልን። በክረምት ከኋላ ጎማ የሚነሳው ጭቃ የጃኬቱን ጀርባ ከላይ እስከ ታች ሲያሰምረው ሰውየው ሥራ ቦታው ሲደርስ «ብስክሌት ለኔ ዓይነት ሰው አይሆንም» ይላል። አንድ ጥንድ ፓራፋንጎ ቢገጠም ይህ ቅሬታ ይጠፋ ነበር።

ቀሚስ ከካቴናው ይልቅ የሚፈራው የኋላውን ጎማ ነው። በሽቦዎቹ መካከል የገባ ጨርቅ ጎማውን ያቆመዋል። በድሮዎቹ የከተማ ብስክሌቶች የኋላ ጎማ ግራና ቀኝ መረብ ይገጠም የነበረው ለዚህ ነው፤ ዛሬም ከቀጭን የፕላስቲክ መረብ ቆርጦ ከፓራፋንጎው ዘንግ ጋር በማሰር መሥራት ይቻላል። ከፊት ያለው አግዳሚ ብረት ዝቅ ያለ ብስክሌት ለቀሚስም፣ ለሽማግሌም፣ ዕቃ ለጫነም ይመቻል፤ «የሴት ብስክሌት» መባሉ ግን ብዙ ወንድ እንዲሸሸው አድርጓል። ነፋስ የሚያነሳው ስስ ቀሚስ ላይ የሚሠራ ቀላል ዘዴም አለ። የቀሚሱን የኋላ ክፍል በእግሮች መካከል ወደ ፊት ስቦ፣ የ1 ብር ሳንቲም ከውስጥ በኩል ደግፎ፣ ከፊተኛው ጨርቅ ጋር አንድ ላይ በፀጉር ላስቲክ ማሰር። ቀሚሱ ለመንገዱ ያህል ሰፊ ሱሪ ይሆናል፤ ሲወርዱ ላስቲኩን መፍታት ነው። ነጠላና ሻርፕ ግን መፍትሔያቸው አንድ ብቻ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ። ትከሻ ላይ የተጣለ ነጠላ ጫፉ ወደ ኋላ ጎማ ሲገባ የሚጎተተው ከአንገት ነው።

ሄልሜት ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በልኩ ነው። ጭንቅላትን ከቅንድብ በላይ በሜትር ለክቶ መግዛት፤ ሲደፋ ፊቱ ከቅንድብ ሁለት ጣት በላይ መቀመጥ አለበት፤ ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር መገናኘት፣ ከአገጭ ሥር ደግሞ አንድ ጣት ብቻ ማስገባት። ወደ ማጅራት ተገፍቶ ግንባርን ያጋለጠ ሄልሜት በጣም የተለመደ ነው፤ ሰው ወደ ፊት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚመታው ግን ግንባሩ ነው። ሹሩባ የተሠራችና ፀጉሯን የፈታች ሴት የጭንቅላት ልካቸው አንድ ስላልሆነ ከኋላ የሚሽከረከር ማስተካከያ ያለውን መምረጥ፣ ሹሩባው በተቀየረ ቁጥርም እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ከፍ ብሎ የታሰረ ፀጉር ሄልሜቱን ስለሚያነሳው ወደ ማጅራት ዝቅ ብሎ ይታሰር። ከሥር ስስ ሻሽ ይፈቀዳል፤ ወፍራም ኮፍያ አይፈቀድም። የግንባታ ሄልሜት ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ እንጂ አስፋልት ላይ ለሚመታ ጭንቅላት የተሠራ አይደለም፤ ምቱን የሚውጠው ወፍራም ፎም የለውም። ያ ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ስለዚህ የወደቀበትን ሄልሜት መቀየር ግድ ነው፤ ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ ሄልሜት መግዛትም ለዚሁ ምክንያት አይመከርም።

ሄልሜትን በሕግ ማስገደድ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በየክፍለ ግዛቱ ስታስገድድ የብስክሌተኛው ቁጥር፣ በተለይ የወጣቶቹ፣ ቀነሰ። ገና ብስክሌተኛ በሌለበት ከተማ ይህን ሕግ ማስቀደም የሚያተርፈው ከሚያጎድለው ያነሰ ይመስለናል።

ዝናብ ላይ ጃንጥላ ይዞ በአንድ እጅ መንዳት በየመንገዱ የሚታይ አደጋ ነው፤ የቀረው እጅ የሚቆጣጠረው አንድ ፍሬን ብቻ ነው። ጂንስ ከራሰ ከብዶ ጉልበት ያስራል፤ ቀጭን የስፖርት ሱሪ ለብሶ ጂንሱን በፌስታል መያዝ ይሻላል። ፍሬኑ የጎማውን ቸርኬ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ በዝናብ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፤ ጎማው ሁለት ሦስት ዙር እስኪዞር ፍሬን የለም ማለት ይቻላል። በደረቅ መንገድ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት ከማስተዋል እስከ መቆም 12 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በዝናብ እጥፉን መገመት ነው። ስለዚህ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድ ፍሬኑን ቀደም ብሎ ለስለስ አድርጎ እየነኩ ቸርኬውን ማድረቅ ተገቢ ነው።

ላብስ? «ላብ በላብ ሆኜ ቢሮ ልግባ?» የሚለው ከዝናቡም በላይ ሰውን ያስቀራል። አዲስ አበባ ከአቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ተነስታ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች፤ አየሩም ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ላይ ከ15 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብስክሌት አለ። ሆኖም ላብ የሚመጣው በብዛት ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከጀርባ ቦርሳ፣ ከከባድ ማርሽና ከችኮላ። ቦርሳውን መጫኛ ላይ ማሰር፣ ዳገቱን ከፊት በትንሹ ከኋላ በትልቁ ጥርስ እግር እያቀለሉ መውጣት፣ የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ ደግሞ እንደ መንሸራሸር መንዳት። ጃኬቱን ሲነሱ መልበስ ሳይሆን ብርዱን አምስት ደቂቃ ታግሦ ሳይለብሱ መነሳት ይሻላል።

ስለ ሴቶች የሚወራው

ከልብሱ በስተጀርባ ያለው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ሴት ልጅ ብስክሌት ከነዳች ድንግልናዋን ታጣለች የሚለው እምነት ዛሬም ብዙ ቤት ውስጥ አለ፤ በግልጽ ስለማይነገር ብቻ ነው «ይቅርብሽ፣ አያምርም» ተብሎ የሚታለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መግለጫ፣ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና መቅረት እንዳለበት አስታውቋል። በሰውነት ላይ በሚታይ ምልክት የአንዲትን ሴት ታሪክ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ብስክሌት የሚያጠፋው ማስረጃ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ወንዶቹም የራሳቸው ፍርሃት አላቸው፤ «ያመክናል» ይባላል። እውነተኛው ችግር መደንዘዝ ነው፤ እሱም የሚመጣው ከመቀመጫው አፍንጫ ጫና ነው። መቀመጫውን አግድም አስተካክሎ ወይም በትንሹ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ተረከዝ በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ እስኪል ከፍ አድርጎ፣ በየአሥር ደቂቃው ለአፍታ ፔዳሉ ላይ ቆሞ ደም እንዲዘዋወር ማድረግ ነው። አብዛኛው የከተማችን ብስክሌተኛ መቀመጫውን ከልክ በላይ ዝቅ አድርጎ ስለሚነዳ መጀመሪያ የሚጎዳው ጉልበቱ ነው።

ባሕር ዳር ግን ለዚህ ሁሉ ወሬ ሕያው መልስ ነበረች፤ ባጃጁ ብዙውን ቦታ ቢወስድባትም ዛሬም ናት። ሜዳ ከተማ ናት፤ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ቀሚስ የለበሰችው ሠራተኛም በብስክሌት ሲመላለሱባት ኖረዋል። ዞሮ የሚያይ የለም። ሐዋሳም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ናት። አሥመራ ውስጥ ሙሉ ልብስ ከነባርኔጣው ያደረጉ አዛውንት በብስክሌት ሲያልፉ ቱሪስት ካልሆነ በቀር ማንም አይገረምም። አዲስ አበባ ግን ብስክሌትን በዋናነት የምታውቀው በስፖርት ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ በሜልቦርን በ1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኩራቱ ተገቢ ነው፤ ግን ብስክሌት ማለት ታይት ነው የሚለውን ሥዕል አጠንክሮታል፤ ተራ ልብስ ለባሹን ደግሞ ከሥዕሉ ውጭ አስቀርቶታል።

ጠባዩስ?

«ብስክሌተኞች ሥርዓት የላቸውም» የሚለው ክስ ባዶ አይደለም። በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት፣ ቀይ መብራት መጣስ፣ ዳገት ላይ የአይሱዙ ጀርባ ይዞ መጎተት፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ፣ ያለ ፍሬን ቁልቁለት፣ ሁሉም አለ። ግን እያንዳንዱን በምክንያቱ መለየት ይገባል።

በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳው አብዛኛው ሰው በድፍረት ብቻ አይደለም። ቀለበት መንገድ ላይ መሐሉ በግንብ ተዘግቷል፤ ከመንገዱ ማዶ 50 ሜትር ላይ ላለ ቤት መዞሪያው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊርቅ ይችላል። በራሱ ጉልበት ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ዕዳ ነው። ይሁንና ሒሳቡ ይቅር አይልም። 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌትና 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ የሚቀራረቡት በ35 ነው፤ ፊት ለፊት ከሆኑ በ65። ከመጋቢ መንገድ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው አሽከርካሪም የሚያየው ወደ ግራው ብቻ ነው፤ ከቀኙ የሚመጣውን ብስክሌት የሚያውቀው ሲገጨው ነው። መሻገር ካስፈለገ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ በእግረኛ መንገድ መሄድ ይሻላል።

የከባድ መኪና ጀርባ መያዝ ምንም ማስተባበያ የለውም። ሲኖትራክ አጠገብ በቀኝ በኩል መቆምም ከዚያ አይተናነስም፤ ሾፌሩ ከጋቢናው ከፍታ የቀኝ ጎኑን በአብዛኛው አያየውም፣ ሲታጠፍም የኋላው ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ጠርዙ ይጠጋል። መብራት ላይ ከኋላው መቆም፣ ወይም ሾፌሩ በሚያይበት ርቀት ከፊቱ መቅደም፤ ከጎኑ በጭራሽ። የሚኒባስ ታክሲ ጉዳይ ደግሞ የራሳችን ነው። በሩ በቀኝ ነው፤ ወያላው ሳይቆም ይከፍተዋል፤ ተሳፋሪው ሳያይ ይወርዳል። በታክሲና በመንገድ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ብስክሌተኛን ይጋብዛል፤ ብዙ የሚገጩትም እዚያ ነው። የቆመን ታክሲ በግራ ማለፍ፣ ኋላ ማየት ካልተቻለ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ። በቆሙ የቤት መኪናዎች ጎን ሲታለፍም የበር ስፋት ያህል፣ አንድ ሜትር ከምናምን፣ መራቅ። ጠርዙን ተጣብቆ መንዳት ትሕትና ይመስላል፤ ግን አሽከርካሪው መስመሩን ሳይለቅ እንዲቀድም ይጋብዘዋል፤ ከጠርዙ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ቀጥ ባለ መስመር የሚነዳው በትክክል ተቀድሞ የማለፍ ዕድሉ ይሰፋል።

የዴሊቨሪ ወጣቶቹን ጥድፊያ በተመለከተ፣ ሞተር ብስክሌት በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ በአዲስ አበባ ከተገደበ ወዲህ የመልእክቱ ሥራ ከፊሉ ወደ ብስክሌትና ወደ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ተሸጋግሯል። ክፍያው በትዕዛዝ ቁጥር እስከሆነ ድረስ ቀይ መብራት ላይ የሚቆመው ልጅ የሚቀጣው ከኪሱ ነው። ሥርዓት ያዝ ከማለት በፊት የክፍያውን ቀመር ማየት ያስፈልጋል።

አዲሱ መስመር

ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚሆን የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «መንገድ ለሰው» በሚል ከመኪና ነጻ ቀን ተጀምሯል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። ከግማሽ በላይ ጉዞው በእግር በሚደረግበት ከተማ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በብዙ ቦታ ግን መስመሩ ከእግረኛው ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ስለሆነ ቤተሰብ ይንሸራሸርበታል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሳበታል፣ ልጅ ይሮጥበታል። እግረኛውን መቆጣት አይጠቅምም፤ ለዓመታት ያልነበረው ሰፊ መንገድ ነው የተሰጠው። ብስክሌተኛው እዚያ ላይ የእሽቅድድም ፍጥነቱን ትቶ በሰዓት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ከሩቅ ደወል መምታት አለበት። መፍጠን የፈለገ አስፋልቱን ይምረጥ፤ የመንገድ አካል የመሆን መብት አለው። መሐንዲሶቹ ደግሞ ሁለቱን መስመሮች ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ዝቅታ ቢለዩ፣ ለአንድ አቅጣጫ 2 ሜትር ያህል ስፋት ቢሰጡ፣ ከሁሉም በላይ መስመሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ እንዳይጠፋ ቢያደርጉ ግጭቱ በአብዛኛው ይቀንስ ነበር። ብስክሌተኛ በብዛት የሚጋጨው መስቀለኛ ላይ ነው፤ መስመሩ የሚጠፋውም እዚያው ነው።

ሆላንዶች እንደ ተፈጥሮ በተራ ልብስ፣ ያለ ሄልሜት የሚነዱ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን በዚያች ትንሽ አገር በመንገድ አደጋ ከ3,000 በላይ ሰው ሞቶ ነበር፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ፤ መንገዱ ተቀየረ፤ አሁን ከአራት ጉዞ አንዱ ያህል በብስክሌት ነው። ሰደርያ የማያስፈልገው መንገዱ ሲስተካከል ነው።

እኛ ዘንድ ከመስመሩ ቀጥሎ የሚጎድለው ተራ ነገር ነው፤ ማቆሚያ። ብስክሌት ይዞ መሥሪያ ቤት በር ላይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ይሄ አይገባም» የሚለውን የጥበቃ ቃል ነው፤ በመኪና የመጣው ግን በሩ ይከፈትለታል። ባለሙያው በብስክሌት እንዳይመጣ የሚያደርገው ከመንገዱ ሐሜት ይልቅ ይህ በር ሊሆን ይችላል። ማስተካከያው አንድ የብየዳ ቤት ቀን ነው፤ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ከ70 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የተገለበጠ የ«ዩ» ቅርጽ ቱቦ፣ በየአንድ ሜትሩ ኮንክሪት ውስጥ መትከል። አንዱ ቱቦ በሁለት ጎኑ ሁለት ብስክሌት ይይዛል፤ አካሉንና ጎማውን አንድ ላይ ለመቆለፍም ያስችላል። የፊት ጎማ ብቻ የሚሰካበት ዝቅተኛ ማቆሚያ ርካሽ ነው፤ ግን ቸርኬ ያጣምማል፣ ሌባም ጎማውን እዚያው ትቶ ቀሪውን ይወስዳል። ቦታው ጥበቃው ከተቀመጠበት የሚታይ፣ ቢቻል ጣራ ያለው ይሁን።